ሬዲዮን የሚያንሿሿው የመምህር ብዙአየሁ ነፋስ

መምህር ብዙአየሁ ደረሰ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ እታፈራሁ ሽበሺ ጥቅምት 3 ቀን 1926 ዓ.ም. በሲዳሞ፣ በይርጋዓለም ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በተወለዱበት ከተማ ተምረው፣ የመምህርነት ሥልጠናቸውን በአዲስ አበባ አጠናቀቁ። በ1951 ዓ.ም. ከወ/ሮ ታቢታ ዳንጊሶ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሮማንንና ሙሴን ወለዱ። በ1956 ዓ.ም. ወደ አዋሳ ተዛውረው እስከ ሕመማቸው ድረስ ፊዚክስ አስተምረዋል።

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ እኛ ቤተሰቦቻቸው አንድ ነገር ቸግሮን ነበር። የልጃቸውን የሮማንን ስም በሕይወት ካሉት ጋር እንጻፍ ወይስ ከቀደሟቸው ጋር? ለምን እንደቸገረን ሰፈሩ ያውቃል፤ ለማያውቅ ግን መነገር አለበት።

መምህር ብዙአየሁ የአንድ ነገር ፍቅር ከያዛቸው መላቀቅ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ያ ነገር የአዮን ነፋስ ነበር። ከተጣለ ቮልስዋገን በፈቱት የማቀጣጠያ ኮይልና በባትሪ፣ የመርፌን ጫፍ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞሉታል። በጫፉ ዙሪያ ያለው አየር የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ሙል የያዘው አየር ከመርፌው ተገፍቶ ፊት ለፊት ወዳለው የመዳብ ቀለበት ሲሮጥ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ተራ አየር እየገፋ ይዞት ይሄዳል። የሚሽከረከር ነገር የለም፣ ሞተር የለም፤ ሻማ ቢያስጠጉበት ግን ነበልባሉ ጎንበስ ይላል። እንግዳ ቤታቸው ከመጣ ይህን ሳያይ አይሸኝም። ወ/ሮ ታቢታ “የዚህ ቤት ሻማ ሁሉ አንገቱ ተጣመመ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በዚሁ ዘዴ የፋብሪካ ጭስ እንደሚጣራ ለተማሪዎቻቸው ያስረዱ ነበር። የእሳቸው ሐሳብ ግን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ነበር። ዓሣ ሻጮቹ እነ ወ/ሮ ካሰች በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ የሚበላሽባቸውን ቆሮሶ ዓሣ በዚህ ነፋስ ሊያደርቁላቸው ፈለጉ። መርፌዎቹን ጣውላ ላይ በረድፍ የተከለችላቸው ሮማን ናት፤ እጇ ከአባቷ እጅ ይልቅ የረጋ ነበር።

መሣሪያው አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ሲበራ በአቅራቢያው ያለው ሬዲዮ ሁሉ ይንሿሿል። ሐምሌ 12 ቀን 1970 ዓ.ም. መምህር ብዙአየሁ ሽቦ ፍለጋ ሻሸመኔ ሄደው ሳለ ሮማን የተሰነጠቀ ዓሣ ደርድራ መሣሪያውን ብቻዋን አበራችው። የጎረቤታቸው የአቶ ታደሰ ሬዲዮ በዜና ሰዓት ተንሿሿ። ጊዜው ሰው ጥላውን የሚፈራበት ነበርና፣ አቶ ታደሰ በድብቅ መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው አለ ብለው ለቀበሌው ጥበቃ ተናገሩ። ይህ ስማቸው ተጠቅሶ እንዲነበብ የጠየቁት ራሳቸው አቶ ታደሰ ናቸው። ሮማን ከነመሣሪያው ተወሰደች። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ነበር።

አባት በማግስቱ ወደ ቀበሌው ሄደው በጥበቃዎቹ ፊት መሣሪያውን አበሩ። ሻማው ጎነበሰ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውም ሬዲዮ ተንሿሿ። ጥበቃዎቹ ሳቁ። አለቃቸው “ጓድ መምህር፣ ማስተላለፊያ አለመሆኑን አይተናል። ዕቃዎን ይውሰዱ” አላቸው።

“ልጄስ?” ቢሉ መሣሪያውን አስታቅፈው ወደ በሩ ሸኟቸው።

መሣሪያው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሮማን ግን አልተመለሰችም። መሞቷንም መኖሯንም ሳይነግሯቸው፣ እንዳይለቀስ ከቀበሌው ተነገራቸው። ድንኳን አልተተከለም፤ ወ/ሮ ታቢታ ነጠላቸውን እንኳ አላዘቀዘቁም።

ዓሣ የማድረቁ ነገር በዚያው ቀረ። መምህር ብዙአየሁ ግን በየዓመቱ ሐምሌ 12፣ በዜና ሰዓት፣ መርፌዎቹን ያበሩና ሻማ ከፊታቸው ያቆማሉ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ይንሿሿል። ለቅሶ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ የከሰሳቸው አልነበረም። አቶ ታደሰ ሬዲዮናቸውን መስኮት ላይ አስቀምጠው ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። ቤቱ መብረቅ እንደወደቀበት ሰፈር ይሸታል። ነበልባሉ ወደ በሩ ሲጎነበስ መምህር ብዙአየሁም በሩን ያያሉ። የሚገፋው ሙል የያዘ አየር መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ያም ሆኖ ከዚያ ዓመት ወዲህ የቤታቸው በር እንዲቆለፍ ፈቅደው አያውቁም።

ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ፣ በሕክምናም ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 7 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያ ምሽት፣ ወሩ ሐምሌ ሳይሆን፣ የሰፈሩ ሬዲዮኖች ተንሿሹ። መሣሪያውን ያበሩት ወ/ሮ ታቢታ ነበሩ።

ያስቸገረንን ነገር የወሰኑትም እሳቸው ናቸው። “ልጄን ካሉት ጋር አትጻፉብኝ። እሱ ጠበቃት፣ እኔም ጠበቅኳት። አሁን ላልቅስላት” አሉን።

ስለዚህ እንዲህ ጽፈናል። መምህር ብዙአየሁ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ታቢታ ዳንጊሶንና ልጃቸውን ሙሴ ብዙአየሁን ትተው ተለይተውናል። ልጃቸው ሮማን ብዙአየሁ በ1952 ዓ.ም. ተወልዳ፣ በ1970 ዓ.ም. ቀድማቸዋለች። መቃብሯን አናውቅም፤ ዛሬ በአባቷ ላይ የሚመለሰው አፈር የእሷም ይሁንልን። ድንኳኑ የሁለቱ ነውና ለሁለቱም አልቅሱ። እግዚአብሔር አባትንና ልጅን ሰው ከሰው በማይለይበት በእሱ ቤት ያገናኛቸው፤ ለወ/ሮ ታቢታም ብርታቱን ይስጣቸው።

የቤታቸው በር ከዛሬ ምሽት ጀምሮ ይቆለፋል።