ከመስታወቱ ውስጥ አንዲት ገጽ ትገለጥልን

ለተከበሩ አቶ ቢያዝን አበራ
የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም ከአንገትዎ የማይለየው የመጽሐፍ ቁም ሣጥን ቁልፍ ደህና ነው? እኔ የሰባተኛ «ለ» የአማርኛ መምህርት አገርነሽ፣ የሐይቁ ነፋስ ካመጣብኝ ጉንፋን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ቢሮዎ መምጣት ከብዶኝ አይደለም። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ። ስብሰባው «ተማሪዎቻችንን እንዴት እናስነብብ» የሚል ነው ሲሉኝ ደስታዬን የምችለው አልመሰለኝም ነበር።

አንደኛ፣ ለንባብ ሳምንት ብለው በክፍላችን ላይ ስላሰቀሉልን ሸራ እናመሰግናለን። «አንብቡ» የሚለው ቃል ከአስፋልቱ ማዶ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ያነበዋል። ሸራው መስኮቶቹን በሙሉ ስለጋረደ ማንበብ ያልቻልነው ከውስጥ ያለነው ብቻ ነን። መብራት የጠፋ ቀንማ እንኳን ፊደሉን አጠገባችን የተቀመጠውንም ሰው አንለይም።

ሁለተኛውን አቤቱታ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። መሲ የምትባል ተማሪ አለችኝ። የንባብ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ጥርሷን ያማታል። በሂሳብ አያማትም፣ በስፖርት አያማትም፣ መጽሐፍ ሲገለጥ ብቻ ጉንጯን ይዛ ታቃስታለች። የቀሩት አርባ አምስቱም ቢሆኑ ከእሷ የሚሻሉት ሕመም ባለመምረጣቸው ነው። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ ከረሜላም አደልሁ። ከረሜላው አለቀ፣ መጽሐፉ ሳይነካ ቀረ።

በመጨረሻ የራሴን መጽሐፍ ከቤቴ ይዤ መጣሁ። አንዲት ጉማሬ ታንኳውን ስለገለበጠችበት ዓሣ አጥማጅ የሚተርክ ነው። በየቀኑ ጥቂት ገጽ እያነበብሁ፣ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ስደርስ «ነገ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ፣ ነገር ግን ሠራ። በአምስተኛው ቀን መሲ እጇን አወጣች። ጥርሷ መስሎኝ ወደ በሩ ጠቆምሁላት። «ቲቸር፣ ዛሬ እኔ ላንብ» አለችኝ። በጣቷ እየተከተለች፣ እየተደናቀፈች፣ እስከ ገጽ 41 አደረሰችን። እኔም አላፍርበትም፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ አለቀስሁ።

በማግስቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡና፣ የንብረት ክፍሉ አቶ አገኘሁ በኮሪደርዎ ያለው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ባዶ እንዳይታይ መጽሐፌን ለግማሽ ቀን ተዋሱኝ። እንግዶቹ አይተው፣ አድንቀው፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው ሄዱ። መጽሐፉ ግን አልተመለሰም። ለካስ በሞዴል 19 ንብረት ሆኖ ገቢ ተደርጓል። የገባ ንብረት ደግሞ ያለ ሞዴል 22 አይወጣም፣ ሞዴል 22 ያለ እርስዎ ፊርማ አይሠራም፣ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት። ባለፈው በደጅ ስናገኝዎ «ልጆች እጅ ከገባ ይበላሻል» ብለውናል። እውነትዎን ነው፣ የማይነበብ መጽሐፍ ዕድሜው ረጅም ነው።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ለውበት ሲባል ገጽ 42 እና 43 ላይ ተገልጦ ስለተቀመጠልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በእረፍት ሰዓት አርባ ስድስት አፍንጫ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። የቄስ ልጅ የሆነው ተማሪዬ ምሥጋናማ ሁለቱን ገጾች እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ በዜማ ይላቸዋል። ገጽ 43 የሚያልቀው ጉማሬዋ አፏን ከፍታ ወደ ሰውየው ስትመጣ ነው። ዐረፍተ ነገሩ እንኳን አላለቀም። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እኛን አስበው ሳይሆን አይቀርም። ዘበኛውም መስታወቱን በትንፋሽ አበላሻችሁ እያሉ ያባርሩናል።

ሰኞ ዕለት ደግሞ የመሲ ጥርስ ተመልሶ ታመመ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ መቀለድ ያቅተኛል። ያቺን ልጅ እስከ ገጽ 41 ለማድረስ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብኛል፣ ካመለጠችኝ ሁለተኛ የማገኛት አይመስለኝም።

ስለዚህ መጽሐፌ ይመለስ ብዬ ሥርዓት አላፈርስም። የምለምነው፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮዎ ሲገቡ በተከበረ እጅዎ አንዲት ገጽ ብቻ እንዲገልጡልን ነው። እኛ በመስታወት ማንበብ ለምደናል።

ዕድሜዎ እንደማይነበብ መጽሐፍ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከሸራው ጀርባ ከጨለማው ክፍል እጅ ነሥቻለሁ።

አገርነሽ ዓምደ ሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስመጣ መጽሐፉን ገጽ 58 ላይ ተገልጦ አገኘሁት። ቁልፉ ያለው እርስዎ አንገት ላይ ብቻ ነው። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል፣ እርስዎ ትናንት ከሰዓት በሙሉ በር ዘግተው ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ነግረውኛል። ከማን ጋር እንደተሰበሰቡ አሁን ገባኝ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ በማስተማር ዘመኔ እንደ እርስዎ ያለ እምቢተኛ አንባቢ አሸንፌ አላውቅም። እንግዲህ ከገጽ 44 እስከ 57 ያለውን ከእርስዎና አፌን ከዘጋሁት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለምና፣ ነገ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጽሐፉን ይዘው መጥተው ያንብቡልን። መምጣት ካልቻሉ ምክንያትዎን ይላኩ፣ ጥርስ ግን በመሲ ተይዟል።