እኔና ሐዋ ስንሳሳል

ማክሰኞ፣ ማርች 3
ብሩሾቼን አጥቤ ገና መቀመጤ ነው። እጄ የቀለም ማቅጠኛው ተርፔንታይን ይሸታል። ሐዋ ዛሬም ተመሰገነች። እውነቱን ልንገርሽ ማስታወሻዬ፤ ለሁለት ሐበሻ የሥዕል ክላሱ ጠቧል።
መምህራችን የ19ኛው ክ/ዘ ሴት ሠዓሊዎችን አሳየችን። ፓሪስ። የመንግሥት የሥዕል ት/ቤት ሴት አይቀበልም። በግል ስቱዲዮ ከወንዶቹ እጥፍ ከፍለው ይማራሉ። አንደኛ ለመውጣት ይናከሳሉ፤ ሞዴል ሲያጡ ደግሞ እርስ በርስ ይሳሳላሉ። እናንተም ሞክሩት አለችን። ለኮሌጁ ኤግዚቢሽን ከክላሱ አንድ ሥዕል ብቻ ይመረጣል። የኔ ጥንድ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሐዋ!

ሐሙስ፣ ማርች 5
ሐ. ተቀመጠችልኝ። ሁለታችንም ጾም ላይ ነን፤ እሷ ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ የለም። ያደገችው ደሴ ነው፤ አሁን እዚህ ኢንግልዉድ ሰፈር ወንድሟ ሱቅ ትሠራለች። ስጨርስ አየችውና፣ «ዓይኔን ፈርተሽዋል» አለች። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ደግሜ አየሁት። ልክ ናት። ዓይኑን ፋቅኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 10
የሷ ተራ። ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ሥሪ አለችኝ። ሶ፣ እሷ እኔን ስትስል እኔ ዓይኗን መልሼ ሠራሁ። አሳዪኝ ብላት እምቢ።

ዓርብ፣ ማርች 13
ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሐ. ሥራ ስላለባት የኤግዚቢሽን ፎርሟን እንዳስገባላት ሰጠችኝ። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ መኪናው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ረሳሁት ብል ማን ያውቃል? አምስት ተኩል ሆነ። ራሴን ጠላሁ። በርሬ ሄጄ ሁለቱንም አስገባሁ። መጀመሪያ የሷን።

ማክሰኞ፣ ማርች 24
የሷ ተመረጠ። ግድግዳው ላይ ያለሁት እኔ፣ ከሥር የሷ ስም። ዞሬ ልወጣ ነበር። ከዚያ ግን ቀርቤ አየሁት። ቅንድቧን ሰብስባ ሸራ ላይ ያፈጠጠች ሴት። ሠዓሊ። ራሴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።
ስለ ፎርሙ ተናዘዝኩላት። ሳቀች። «እኔ ብሆንም አስበው ነበር» አለች። «መምህሯን መች እፈራለሁ? የምፈራው አንቺን ነው።»
ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የአክስቷ ልጅ ቤት ያለው የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ባዶውን ነው። አብረን እንሥራበት አለች። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው። ብርሃኑ ጋ ማን ይቁም? ቀድማ የደረሰች፣ ተባባልን። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንጀምራለን። እኔ ግን በአንድ ሰዓት እዚያ ነኝ።