አራተኛውን ቅጽ ለጌትነት ስነግረው

ሐሙስ

ዛሬም አንገት ተቀላ። ይህ ደራሲ በየምዕራፉ ሰው ካልገደለ እጁን ይበላዋል መሰለኝ። ከልቦለዱ ዐሥር ቅጾች ፍኖተ ሰላም ገበያ ያገኘሁት አራተኛውን ብቻ ነው። ከእሱ በፊት ያሉትን እየገመትኩ፣ ከእራት በኋላ በስልኬ መብራት እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለታላቅ ወንድሜ ለጌትነት እነግረዋለሁ። ጀግናው የአባቱን ገዳይ ያሳድዳል፤ ጌትነት ጠመንጃውን ይወለውላል። «በለው!» ይላል፣ ጀግናው የሚሰማው ይመስል።

እኔ ግን እሱን እፈራለሁ። እሁድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ታናሻችንን አለሙን በድንበር ጠብ የገደለው ጎረቤት አስታርቁኝ ብሏል። ጌትነት እሺም እምቢም አላለም።

ዓርብ

ዋሸሁ። ጀግናው ገዳዩ ላይ ሲደርስ ይቅር አለው፣ አብረው እንጀራ ቆረሱ አልኩ። ጌትነት ከትከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄ ደራሲው ነው ወይስ አንቺ? ውሸት ስታወሪ እኮ ትቸኩያለሽ።»

ተናድጄ መጽሐፉን ወረወርኩት። ነገ ያለውን እንዳለ ንገሪኝ፣ እንደ ሕፃን አታባብይኝ ብሏል። ብነግረው እሁድ ጎረቤታችንን ደጃችን ላይ ይደፋዋል። ብዋሸው አያምነኝም። ምነው የፍቅር መጽሐፍ በገዛሁ!

ቅዳሜ

አንድም ቃል አላስቀረሁም። ጀግናው የገዳዩን ቤት ከውጭ ቀረቀረው። ጣራውን ለኮሰ። በመስኮት የዘለለውን ሁሉ በሰይፍ ተቀበለ፤ ገዳዩን፣ ሽማግሌ አባቱን፣ አራስ ሚስቱን። ጌትነት «በለው» አላለም።

እማዬ ጓዳ ጥጥ ትባዝት ነበር፤ የምትሰማን አልመሰለኝም።

«የተረፈ የለም?» አለች።

የገዳዩ ሴት ልጅ አለች አልኳት። ጎተራ ውስጥ ሆና ሁሉንም አይታለች፤ ቅጹ የሚያልቀው ከአመዱ ውስጥ ቢላዋ ስታነሳ ነው።

እማዬ ጥጧን መባዘት ቀጠለች። ጌትነት ጠመንጃውን ይዞ ወጣ።

እሁድ

ሰውየው በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ ጠመንጃ አስቀምጥ ቢሉት ጌትነት አልሰማም። ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ምን ትላለህ?» ሲሉት ወደ እማዬ ዞረ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የከረምኩት መፈራት የሌለበትን ጌትነትን ስፈራ ነው። ደም እንዲመለስ የምትጠብቀው እሷ ነበረች።

እማዬ ሳጥኗን ከፍታ አለሙ የሞተበትን ሸሚዝ ይዛ ወጣች። ደሙ ደርቆ እንደ ቁርበት ጠንክሯል። ደሙ ሳይመለስ አይታጠብም ብላ ደብቃው ኖሯል፤ እኔ ተቀብሯል ብዬ ነበር። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ለጌትነት ልትሰጠው መሰለኝ።

«ሳፋ አምጪ» አለችኝ። «ውሃም።»

ሁሉም እያየ ሸሚዙን ነከረችው።

«ድንጋዩን አውርዱለት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጌትነት ጥይቶቹን አውጥቶ ለቄሱ ሰጠ። እንግዶቹ ከሄዱ ቆዩ። እማዬ አሁንም እያጠበች ነው። ውሃውን ደጋግሜ ቀየርኩላት፤ አሁንም ይቀላል።