ለእንግዳ ብቻ ስለሚገለጠው ኮምፒውተር

ለክቡር ዶክተር ዘርዓብሩክ
የሳይንሳዊ ስሌት ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቢሮዎ ሥር በቀዝቃዛ አየር የተኛው ትልቁ ኮምፒውተር እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በመጋላ ሰፈር፣ ሙቀቱ ካልተቆጠረ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በፖስታ አሽጌ ብልከው ለእንግዳ ይቀመጥ እንዳይባል ሰግቼ ነው።

እኔ የተማሪዋ የኢፍራህ እናት ነኝ። ልጄ በእርስዎ ዘንድ ለሁለተኛ ዲግሪ የምትማረውን ለጎረቤት ሳስረዳ፣ ጎርፍ ሳይመጣ በፊት ኮምፒውተር ውስጥ ጎርፍ ለቆ የት የት እንደሚደርስ ማስላት ነው እላለሁ። ጎረቤቶቼም እውነተኛው ጎርፍ አልበቃ ብሏት ነው ወይ ይሉኛል። የእህቴን ቤት የደቻቱ ወንዝ ሲወስደው ቆሜ ያየሁ ሴት ስለሆንኩ አልመልስላቸውም፤ ትዳር ይቅደም ያሉኝን ዘመዶች ግን ሁሉንም ከደጄ መልሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት የላኩላት ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። የስሌቷን ሙሉ ውጤት እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላቀረበች ከትምህርቱ እንደምትሰናበት ይገልጻል። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ቢሆንም ራሴ አነበብኩት፤ እንደ ድሮው ሰው አንብቦልኝ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ተሳስቷል ብዬ እጽናና ነበር። ስለ ደብዳቤው እያመሰገንኩ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኢፍራህ ስትመዘገብ ትልቁ ኮምፒውተር የመጣው ለእንዲህ ያለ ከባድ ስሌት ነው ተብላ ነበር። ይሁን እንጂ ቁልፉን የያዙት የንብረት ክፍሉ አቶ በዛብህ፣ ዕቃው ተማሪ ከነካው እንደሚበላሽ፣ ከተበላሸም ተጠያቂው እሳቸው እንደሚሆኑ በትሕትና አስረድተዋታል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። እኔም ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ያስቀመጥኳቸው ብርጭቆዎች አሉኝ፤ ልጆቼ ያደጉት በጣሳ እየጠጡ ነው። ነገር ግን በብርጭቆ ስላልጠጣችሁ ከቤት ውጡ ብያቸው አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ልጄ እስካሁን የሠራችው በትንሿ ላፕቶፗ ነው። ላፕቶፗ ስትግል ውሃ በሞላ ባልዲ ላይ ትሪ ገጥመን እናስቀምጣታለን፣ እኔም በካርቶን አራግብላታለሁ፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ስሌቱ እንደገና ከመነሻው ይጀመራል። አማካሪ መምህሯ ሥራው ለምን እንደዘገየ ሲጠይቋት የእናቴ ክንድ ደክሞ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ለክፍሉ ክብር ስትል ይቅርታ ብቻ ጠየቀች።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ደብዳቤው በደረሰን ማግስት ልለምንዎ ተነሣሁ። ባለሥልጣን ፊት በቤት ልብስ አይቀረብም ብዬም ለዒድ የምለብሰውን ባለ ጥልፍ አባያ ለብሼ፣ ወርቄን አድርጌ፣ ሽቶዬን ተቀብቼ መጣሁ። ለካ የዚያን ዕለት ከውጭ አገር የሚመጡ ልዑካን ትጠብቁ ኖሯል! የግቢው ጥበቃ ስለ ኮምፒውተሩ ጉዳይ መምጣቴን ስነግረው እጅ ነሥቶ ከእንግዶቹ ጋር ቀላቀለኝ፤ ልጄ ስትመላለስበት የከረመችው በርም ለእኔ ሽቶ ተከፈተ። አቶ በዛብህ ጫማችንን አስወልቀው ነጩን ዳንቴል ከኮምፒውተሩ ላይ ገለጡ። የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። እርስዎም በራስዎ አንደበት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ያለ ዕረፍት ያገለግላል ብለው ሲያስረዱን፣ እኔ እንደ እንግዳ ደንብ ማሻአላህ አልኩ። ለስላሳ ጋበዙኝ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አቁመው ፎቶ አስነሱኝ። ልመናዬን ላቀርብ አፌን ስከፍት ስለሰጠሁት ጠቃሚ አስተያየት አመስግነው አስጨበጨቡልኝ።

በዕድሜዬ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ቤት ገብቼ ለኢፍራህ ስነግራት ሳቀች፣ ሳቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለመሆኑ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ። የራሷን ትምህርት መሣሪያ ለልጄ በወሬ እንዳሳያት ላበቁኝ ለእርስዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሰኔ ሳያልቅ በሩን እንዲከፍቱላት እለምናለሁ። ጫማዋን ታወልቃለች፤ ዳንቴሉንም አጥባና ተኩሳ ትመልሳለች። ለመግባት እንግዳ መሆን ግዴታ ከሆነ አባያዬን አውሳታለሁ።

የእርስዎን ጤና፣ የአቶ በዛብህን ቁልፍ ደህንነት፣ የኮምፒውተሩንም ሰላማዊ እንቅልፍ ከልብ የምመኝ፣ በፎቶው ላይ ከግራ ሁለተኛ የቆምኩት የክብር እንግዳዎ፣

ሃዎ አብዲራሺድ
ከመጋላ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የኢፍራህ ላፕቶፕ ትናንት ጨሳ ቆመች። ስትቆም በስክሪኑ ላይ ውሃው ከደቻቱ ወጥቶ፣ ሰፈሩን አልፎ፣ የግቢያችሁ በር ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ውስጥ ይግባ አይግባ ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ ኮምፒውተር ያስፈልጋል ብላኛለች። እኔ ተምሬ የማውቀው ነገር የለም፤ ያን ዕለት ጫማዬን በእጄ ይዤ ስገባ እንዳየሁት ግን፣ የእናንተው ኮምፒውተር ያለው ምድር ቤት ነው።