ቀስ ተብሎ የሚዘመረው

ሆሳዕና፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሚክያስ፣

ጌታ ደጅህን ይጠብቅልኝ፤ የበላኸው ይስማማህ፣ የተኛኸው እንቅልፍ ይጣፍጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሾኔ ወርጄ እናትህን ጠይቄያለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ጤነኛ ነው። «ያ ልጅ አልደወለም?» አሉኝ። «ደውሏል፣ ሰላም ብሎዎታል» አልኳቸው። ስለ ጎረቤት ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቀውኝ፣ ቡላ አስይዘው ሸኙኝ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ነበር። አንተ ግን በስልክ «እሺ፣ እሺ፣ ሱቅ ሰው ገባ» ትልና ትዘጋለህ። አጥር የምንጋራት ሰዓዳ፣ ወንድሟ ኢልያስ ከደቡብ አፍሪካ ለእረፍት መጥቶላት ነበር፤ ሐሙስ ሲመለስ ደብዳቤውን በእጁ ይዞልህ ይመጣል።

ነገሩ ስለ መዝሙርህ ነው። ኳየሩ አልበም ሊያስቀርጽ ነው። «በእጅህ ላይ አስተኛሁት» ይግባ ተባለ፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ። ጠቡ የመጣው በፍጥነቱ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠውን አጵሎስን ስሙን ሳትሰማ አትቀርም። ጣቱ ጥሩ ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ያለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ማንንም ሳይጠይቅ ቴምፖውን ጨመረ፣ የድምፁንም ኪ ከዲ ማይነር ወደ ላይ አነሳው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«እህት ጵርስቅላ፣ ይሄ መዝሙር እኮ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሌላ እሑድ ይመጣል።»

«አንተን ማን አስቸኮለህ? እጮኛህ ደጅ ቆማለች?»

ሶፕራኖዎቹ ሳቁበት፤ እውነትም ደጅ ቆማ ነበር። ጋሽ ሽብሩ ግን አልሳቁም። ከቤዞቹ መካከል ተነስተው «አንተ ልጅ፣ ይህ መዝሙር ለማን እንደ ወጣ ታውቃለህ?» አሉት። አያውቅም። የነገረው ሰው የለም። ጋሽ ሽብሩም አልነገሩትም፤ «ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ እሱ ይጠየቅ። እስከዚያ ማንም አይነካውም» ብለው ተቀመጡ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «መጠየቅ አያስፈልገኝም፣ መልሱን አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

አውቀዋለሁ ያልኩት ያን ቀን አስቤ ነው። ልጃችንን ናሆምን ከቀበርን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልምምድ የመጣሁበትን ቀን። መስመሩን እጀምራለሁ፣ መሃል ላይ ትንፋሼ ይቆረጣል። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። ቴምፖውን ቀነስከው። አሁንም አልደረስኩም፤ አሁንም ቀነስከው። ድምፄ የወደቀበት ድረስ ኪውን አወረድክልኝ። ስደርስ ለሰዉ ሁሉ «እንዲህ ነው የሚዘመረው» አልክ። ስንት ሰው ነው ከዚያ ወዲህ «ሚክያስ የኀዘንን ዜማ ያውቅበታል» ያለኝ። የዜማ ዕውቀት አልነበረም፤ የእኔ ትንፋሽ ነበር። ከሰርጋችን ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው የወደድከኝ ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ኖርኩ።

ትናንት ከሰዓት ሰዓዳ ጠርታኝ ሄድኩ። የላክልኝን ጫማ ኢልያስ አስረከበኝ፤ ልኬን አልረሳህም። ወሬ ስናወራ «ለመሆኑ ድምፁ አልጠፋም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ ምን ሲደረግ! በረንዳው ላይ ሕፃኗን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲያንጎራጉር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ያቺን የቸርቻችሁን መዝሙር ካላላት አትተኛም። እኔ ሙስሊሙ እንኳ ሸምድጃታለሁ» አለና አዜመልኝ።

ቀስ አድርጎ፣ ዝቅ አድርጎ። እኔ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«የማን ልጅ ናት?» አልኩት።

ኢልያስ ሰዓዳን አየ። ሰዓዳ ምንጣፉን አየች።

«የጎረቤት» አለ። «የጎረቤት ልጅ ናት። እናቷ ሥራ ስለምትውል…»

«አንተ ሰው ብርቱካኑን አቅርብላት እንጂ» ብላ ሰዓዳ አቋረጠችው። አቀረበልኝ። ልጬ በላሁት፣ አመስግኜም ወጣሁ። ሰዓዳ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ፤ እጄን ይዛ ቆማ ቆማ፣ «ጫማው ያምርብሻል» አለችኝ። ገና አላደረግኩትም ነበር።

ዛሬ ልምምድ ሄድኩና ለአጵሎስ «ሚክያስ ፈቅዷል፣ አፍጥኑት፣ ወደ ላይም አንሱት» አልኩት።

ጋሽ ሽብሩ ጠጋ ብለው «እርግጠኛ ነሽ ልጄ? እሱ ነው ያለው?» አሉኝ።

«እሱ ነው» አልኩ።

አነሱት። ከበሮ ገባበት፣ ጭብጨባ ገባበት። ደጅ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ ገብተው እልል አሉ። አልቶውን ከዳር እስከ ዳር ዘመርኩ፣ ትንፋሽ አላጠረኝም። አጵሎስ «አየሽ እህት ጵርስቅላ፣ ነፍስ ዘራ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቆንጆ ሆኗል። ለሰርግም ይሆናል። ከእንግዲህ የሚሰማው ሁሉ ልጅ የተቀበረበት መዝሙር ነው ብሎ አይጠረጥርም።

እንግዲህ ቀስ ብሎ የሚዘመረውን አንተ ዘንድ ትቼዋለሁ። ለጎረቤትህ ልጅ ዘምርላት። አታስቸኩላት፤ ዓይኗን ስለጨፈነች ብቻ ተኝታለች ብለህ አታቋርጥባት። እዚያም ቢሆን ብርድ አለ ይላሉ፤ ደረቷን ሸፍኑላት። ካሳላት ሳታሳድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ እኛ ለናሆም ጉንፋን ነው ብለን ነበር። ጌታ በዕድሜ ያሳድጋት። እናቷንም ሰላም በልልኝ።

የምትረግጠው መሬት ይባረክልህ፣ ሚክያስ። እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልም።

በጌታ እህትህ፣
ጵርስቅላ