ጭቃ የቀባሁት መስታወት

ለወንድሜ ለኸድር፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከሱብሒ ሶላት ጋር ማልዶ ይድረስህ። ወገብህ እንዴት ነው? ዕቃ ማንሳቱን ተውክ ወይስ ዛሬም ትሸከማለህ? ሙቀቱስ ያስተኛሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። «ደኅና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስትደውል ዝም የምልህ ጠልቼህ አይደለም፤ አፍ እንደሌለኝ ታውቃለህ። የሠፈራችን ልጅ ሐቢብ ወደ አንተ እንደሚመጣ ስሰማ ይህን ጻፍኩ።

ትተህልኝ በሄድከው ወንበር ላይ አሁንም እኔው ነኝ። ኣያ ባርናባስ ከሱቁ ፊት በኩል ማስታወቂያ ይጽፋሉ፤ ከጓሮ በኩል እኔና ፊዮሪ ትንንሾቹን መኪናዎች እንሠራለን። ወንድማቸው ስብሓት ዛሬም ከባሕር ማዶ የሚልከው እነዚያኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደር መኪናዎች አምሳያ ነው። ፊዮሪ ፕላስቲኩን ትገጣጥማለች፤ እኔ ቀለም እቀባለሁ፣ መስታወት አስገባለሁ። «ነጩን ሙጫ ብቻ ተጠቀሚ፤ ኃይለኛው መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል» ያልከኝን አልረሳሁም። መስታወቶቼ እንደ ምንጭ ውሃ ናቸው። ሲያልቁ ስብሓት እዚያው ባሕር ማዶ ለሚሰበስቧቸው ሰዎች ይሸጣቸዋል።

ባለፈው ወር ቤድፎርድ የሚሉት የጭነት መኪና መጣ፤ ከመዳፌ ያንሳል። ኣያ ባርናባስ «ደንበኛው ጦርነት የዋለ መኪና ነው የሚፈልገው፤ እዚህ ማን ይጠፋዋል?» አሉኝ። ዝገት ቀባሁ። በሩን በጋለ መርፌ ወግቼ ጥይት የበሳው አስመሰልኩት። ከዚያ የደጃችንን አፈር በነጭ ሙጫ ለውሼ ጣሪያውንም፣ ኮፈኑንም፣ መስታወቱንም ለቀለቅኩት። በሹፌሩ በኩል ብቻ ትንሽ ቀዳዳ ተውኩ። አንተ ለምን ብለህ አትጠይቀኝም። አባዬ አይሱዙውን እንዲያ አድርጎ አይደል በሽሬ መንገድ ወጥቶ የቀረው? ከሰማይ የሚያይ እንዳያየው፣ እኔና አንተ ጭቃውን በባልዲ እያቀበልነው፣ እሱ ለዓይኑ የምትበቃ ብቻ እየተወ። ጦርነት የዋለ መኪና ሲሉኝ እኔ ሌላ አላውቅም።

ፊዮሪ ስታየው «ኣንቲ! ሽሮ ገነፈለበት እንዴ?» ብላ ሳቀች። ኣያ ባርናባስ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡትና «ወይ ጓለይ፣ ወይ ልጄ፣ ሹፌሩን ዓይነ ስውር አደረግሽው እኮ» አሉ። ፎቶውን ለስብሓት ላኩለት፤ መልሱ መጣ። ዝገቱ ግሩም ነው፣ የጥይቱ ቀዳዳ ከሁሉ ይበልጣል፣ መስታወቱ ግን ይታጠብ፤ ደንበኛው ውስጡን ማየት ይፈልጋል። ተመልከት እንግዲህ ኸድር፤ የተመታውን ይወዱታል፣ የተደበቀውን አይወዱትም። ምክንያቱን ብናገር ኣያ ባርናባስ ይሰሙኝ ይሆናል፤ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ ግን ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ። «እቤት ወስደሽ አጽጂውና ሰኞ አምጪው፤ ካልሆነልሽ መስታወቱን ሌላ ሰው ይያዘው» አሉኝ።

አንተ በደወልክ ቁጥር ለአባዬ የሙት ሰደቃ ይውጣ ትላለህ። እማዬም «ሬሳውን ያየ ሰው አምጣልኝ» ብላ ትዘጋብሃለች። እኔ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ከባሕር ማዶ ሆኖ አባትን መቅበር ይቀላል እያልኩ በልቤ ስሰድብህ ከርሜያለሁ።

ቅዳሜ መኪናዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ውሃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ ይዛታለች። ምን እንደሆነች አልጠየቀችኝም። የሻርፗን ጫፍ በምራቋ አርሳ በሹፌሩ በኩል ያለውን ጭቃ ትጠርጋለች። «እንዴት አይቶ ይንዳ? እንዴት አይቶ ይምጣ?» ትላለች፤ ለእኔ አይደለም የምትናገረው። ያኛው ሲለቅላት የቀረውንም ጠረገችው። ከዚያ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ወደ ውስጥ ተመለከተች። መሪ አለ፣ ወንበር አለ፣ ሰው የለም። ሰው አንሠራባቸውም፤ ታውቃለህ። መልሳ አስቀመጠቻትና «ለወንድምሽ ጻፊለት፤ ሰደቃው ይውጣ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ወሰድኩላቸው። ኣያ ባርናባስ «አየሽ? አሁን አማረች!» አሉ። ደንበኛውም በመስታወቱ ጥራት ተደነቀ አሉ። እኔም ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ አንተም የለመንከው ሆነልህ። ሁሉም የፈለገውን አገኘ። እኔ የፈለግሁት ያችን ለዓይን ብቻ የምትበቃ ቀዳዳ ነበር፤ ከጀርባዋ አንድ ሰው ይኖር ይሆናል የምትለዋን። አሁን ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል።

እማዬ ፀሐይ ላይ አትሥራ፣ ራስህን ሸፍን ብላሃለች። ታናሻችን ሀፊሳ ቁመቷ ከእኔ ተካከለ፤ እጅህን ትስማለች፤ ስለ ሰደቃው ገና አልነገርናትም። ጎረቤታችን ለተገብርኤል ሰላም ብላሃለች፤ ድስቱና ሰሃኑ ከእኔ ቤት ነው ብላ እማዬን አቅፋት ዋለች። አብሮህ ለሚኖረው ለአብዱልወዱድም ሰላምታችንን አድርስልን።

ሰደቃው ከረመዳን በፊት ነው። ከሁላችን ቀድመህ የቀበርከው አንተ ነህና የመጀመሪያውን ዱዓ አንተው አድርግለት። እኔ ከለወስኩት ጭቃ የተረፈውን በብርጭቆ አስቀምጬዋለሁ። ደርቋል፤ ማንም እንዲያጥበው አልሰጥም።

እህትህ ጁዋይሪያ
መቐለ፣ ሓድነት
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.