የፍሬን ሸራው ናሙና

አዳማ፣ ኅዳር 14

ለልጆቼ አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የአዳሚ ቱሉ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እጅህስ፣ መጠዝጠዙን ተወህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰብሪና የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከልላለች፤ ትንሹ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ሮጦ በር ላይ ነው። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ወረቀት ኦሊቃ በእጅህ እንዲሰጥህ ልኬዋለሁ። መቅደድ ካማረህም አንብበህ ቅደደው።

ኦሊቃ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሚኒባሳችንን ይዞ የአበባ እርሻ ሠራተኞችን ያመላልሳል። ባለፈው ሳምንት የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ዛሬ ካልተቀየረ ነገ አልነዳም አለኝ። አሠሪዎቹ ደግሞ ሁለት ቀን ከቀራችሁ ሌላ መኪና እናስገባለን ብለው አስጠንቅቀውናል። መለዋወጫ ሻጭ ያለ ናሙና እንደማይሸጥ ታውቃለህ። መኪናው ላይ ያለውን ላስፈታ ብል የቀኑ ሥራ ሊቀርብኝ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የመፍቻ ሣጥንህን በረበርኩና ከሥሩ በሽርጥህ ቁራጭ የተጠቀለለ አሮጌ ሸራ አገኘሁ። አሮጌ ሸራ እንዲህ ተከብሮ ሲቀመጥ ምነው አላልኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይዤው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሽኩር ሱቅ ሄድኩ፤ አገላብጦ አየና አምሳያውን አውጥቶ ሸጠልኝ።

መካኒኩ ጋሮምሳ ጋራዡ ውስጥ ሊገጥመው ሲል በአንድ ጣት ያህል ጠበበ። ይህ የዚህ መኪና አይደለም፣ መልሺው አለኝ። ደሜ ፈላ። ለምስክርነት እሱኑ አስከትዬ ተመለስኩ።

ሽኩር ግድግዳው ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለውን ጽሑፍ አሳየኝ። ካርቶኑም ተቀዷል፣ እኔ ባመጣሽው ናሙና ነው የሰጠሁሽ አለ። ምላሴን ታውቀዋለህ፤ ሌባ እስከማለት ደረስኩ። ሰው ተሰበሰበ። እሱ ድምፁን ከፍ አለማድረጉ ይበልጥ አናደደኝ። ሌላ ሸራ መግዣ የለኝም፤ መኪናው በማግስቱ ካልወጣ ሥራው ከእጃችን ሊወጣ ነው። ናሙናው ልክ ነው፣ ባሌ ራሱ ገዝቶ ያስገጠመው ነው ብዬ ጮኽኩ። ሽኩር አሮጌውንና አዲሱን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠና፣ እንግዲያው ወላሂ በይና ገንዘብሽን ውሰጂ አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ልምል ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ዓይኔ ግን አሮጌው ሸራ ጀርባ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም ላይ አረፈ፤ አወቅኩት። እኔ ነኝ የገዛሁት። ካቻምና አንተ ታመህ ተኝተህ፣ ልኩን ሸራ በእሱ እንድገዛ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ጽፈህ በእጄ ሰጥተኸኝ ነበር። ወረቀቱን ለማንም ሳላሳይ ረከስ ያለውን አንስቼ፣ አንድ የመንገድ ዳር መካኒክ እንደምንም አስገባልኝ። ያልከኝን ገዛሁ አልኩህ። በሦስተኛው ሳምንት ቆቃ ላይ ተገለበጥክ።

መማል አልችልም አልኩ። ሽኩር ትክ ብሎ አየኝና መሳቢያውን ከፍቶ ገንዘቤን መለሰልኝ፤ በሐሰት አልምልም ያለ ደንበኛ አይከሰርበትም አለ። ከዚያ ሁሉ ስድቤ በኋላ። አፍሬ ቆሜ ሞትኩ።

ጋሮምሳ አሮጌውን ሸራ ያየው ያኔ ገና ነበር። ወደ ውጭ ስንወጣ፣ ኦቦሌቲ ብሎ እንደ እህት ጠራኝና፣ ይህን እኮ ከአደጋው ማግስት እኔው ነኝ ፈትቼ ለባለቤትሽ በእጁ የሰጠሁት አለኝ። ፍሬኑን ያስከዳው ይህ ነው ብዬም ነግሬዋለሁ፣ አልነገረሽም እንዴ አለኝ።

በገንዘቡ በቁጥሩ ትክክለኛውን ገዝተን መኪናው ወጥቷል። ለፊታችን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ያኔ ነገራችንን የሰሙትን ሽማግሌዎች ሼህ ኡበይደላ ቤት ጠርቻቸዋለሁ። ጫት ሲቅም አድሮ ነው የገለበጠው ብዬ ስናገር የሰሙኝ ሰዎች፣ ማን እንደገለበጠው ከእኔው አፍ ይሰማሉ። መኪናው ውስጥ የነበረችው፣ እግሯ የተሰበረው እናትነሽም ትመጣለች። አንተን ና ለማለት ግን ፊት የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ከልቤ አልወጣልህ አለኝ። ከመሄድህ በፊት ሽማግሌዎቹ ፊት በቀረብን ቀን፣ እኔ ስናገር አንተ ምንጣፉን ታይ ነበር። የምትለው አለህ ወይ ሲሉህ፣ የለኝም አልክ። ግራ እጅህ በፋሻ ታስሯል፤ ቀኝህን ደግሞ ገብተህ እስክትወጣ ከኮትህ ኪስ አላወጣህም። ምን ይዘህ ነበር?

አላህ እጅህን ይማርልህ፤ በሄድክበት ሁሉ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የልጆችህን ዓይን ለማየት ያብቃህ።

የልጆችህ እናት